ከቃሉ በፊት የቆመችው የጥያቄ ምልክት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ የሚያስቅ አይደለም። ስለ ካንሰር ነው። በትክክል ለመናገር ግን ስለ በሽታው ብዙም አልጽፍም፤ እሱን የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ይጻፉት። እኔ የማነሣው፣ አንድ ሐኪም «ካንሰር ነው» ካለ በኋላ ወደ ሌላ ሐኪም ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ? ተገቢስ ከሆነ እንዴት ነው የሚጠየቀው? የሚለውን ነው።

መቼም የቡና አገር ልጆች ነንና ከቡናው ልነሣ። አንድ አቅራቢ ቡናውን ጭኖ ጅማ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲያደርስ ምን እንደሚደረግ ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል። ጥሬው ይታያል፣ ጉድለቱ ይቆጠራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሲኒ ይቀርባል። ቀማሾቹም በማንኪያ እየሳቡ እየተፉ ነጥብ ይሰጣሉ። የአንድ ሰው ምላስ ብቻ አይታመንም። አቅራቢውም በተሰጠው ደረጃ ካልተስማማ ቡናው እንደገና እንዲታይለት ያመለክታል። ይህን በማድረጉ «ቀማሹን ናቀው» የሚለው የለም። ቀማሹም አይቀየምም፤ የሥራው ወግ ነው።

ለአንድ መኪና ቡና ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ነገሩ የሰው አንገት ወይም የሰው ጡት ሲሆን ግን ምን እናደርጋለን? አንደኛው ወገናችን «እንግዲህ ሐኪሙ ተናግሯል» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ሌላው ወገን ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከትቶ ከአቦል እስከ በረካ የጎረቤቱን አስተያየት ይሰበስባል። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል እጥረት የለብንም። አንድ ረከቦት ዙሪያ ቢያንስ አምስት ሐኪም ይገኛል፤ አንዷ ቅጠል ታውቃለች፣ አንዷ የእህቷ ልጅ እንዲሁ ሆኖ የዳነበትን ቦታ ታውቃለች። እኔ ሁለተኛ አስተያየት የምለው ይህን አይደለም። ያንኑ ሥጋ፣ ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ናሙና ሌላ የተማረ ዓይን እንዲያየው ማድረግን ነው።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተሰቤ የደረሰ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ጊዜ፣ የእናቴ ታናሽ እህት አንገቷ ላይ እባጭ ወጣባት። እኛ ቤት «እቴቴ» ነው የምንላት። ከአጋሮ ወጣ ብላ ከባለቤቷ ጋር ቡና ታለማለች። እባጩ መጀመሪያ የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር፤ ስለማያምማት ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል ብላ ተወችው። ቆይቶ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ተደረደረ። ማታ ማታ ላብ ያጠምቃታል፤ ቀሚሷም ሰፋት። «ሥራ በዝቶብኝ ነው የከሳሁት» ትል ነበር።

በአካባቢው ካሉት ከተሞች በአንዷ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ ወሰዷት። ስሙን አልጠራም፤ ለነገሩ እዚያ ያለው ባለሙያ የእቴቴን ልጆች ሁሉ ያከመ፣ ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ሰው ነው። በእጁ ዳሰሰ፣ በአልትራሳውንድ አየ፣ ከዚያም ባለቤቷን ብቻውን ጠርቶ፣ «ካንሰር ነው፤ ሳትዘገዩ አዲስ አበባ ውሰዷት» አለው። ወረቀትም ጽፎ ሰጠው። ከእቴቴ አካል የተወሰደ ናሙና አልነበረም፤ መርፌም ቢላም አልነካትም። ይህን ያሰብነው ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ቤታችን የለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ።

አጎቴ (የእቴቴን ባለቤት ማለቴ ነው) በዚያው ምሽት ቡናውን ሊሸጥ ወሰነ። ክረምት መሆኑን አትርሱ። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ ለቀማው ጥቅምትና ኅዳር ነው የሚደርሰው። በእኛ አገር በክረምት የቸገረው ገበሬ ቡናውን ዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ዋጋውም በመከር ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ሕንድ አገር የሚያስልክ ሰው አውቃለሁ ብሎ መጣ። «መሬቱም ቢሆን ይሸጥ፣ ሰው ይበልጣል» አለ። ማን ይቃወመዋል? ሰው ይበልጣል። በሦስት ቀን ውስጥ የአንድ ቤት የሃያ ዓመት ልፋት ሊበተን ምንም አልቀረውም ነበር።

በመካከሉ አጎቴ ወረቀቱን አወጣና ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ተምሬያለሁ ትይ የለ? እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልን።»

የሐኪም ጽሕፈት ነገር ታውቁታላችሁ። ብዙውን መስመር ማንበብ አልቻልኩም። አንድ ቃል ግን ጎልቶ ይታያል፤ «ሊምፎማ» ይላል። ከእሱ በፊት ደግሞ አንዲት የጥያቄ ምልክት ቆማለች። እኔ ሕክምና አላውቅም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ በሰዋስው ትምህርት የጥያቄ ምልክት ከዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። እዚህ ግን ከፊት መጥታለች።

«አጎቴ፣ ይህ ሰው እኮ የጠየቀ ይመስላል እንጂ አልወሰነም» አልኩት።

«በአፉ ወስኗል፤ እኔ ራሴ ነኝ የሰማሁት።»

«በወረቀቱ ላይ ግን ጠይቋል።»

ቆየት ብዬ እንደተረዳሁት፣ ሐኪሞች የበሽታ ስም ጽፈው ከፊቱ የጥያቄ ምልክት ሲያደርጉ «ይህን እጠረጥራለሁ፤ ይጣራ» ማለታቸው ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ለሚቀጥለው ሐኪም ነውና የሚቀጥለው ሐኪም ያውቀዋል። ለቤተሰቡ የደረሰው ግን ምልክቷ የሌለችበት ቃል ብቻ ነበር። በአፍ ሲነገር የጥያቄ ምልክት እንዴት እንደምትጠፋ ልብ በሉልኝ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ጅማ ትታይ» አለች። ሁሉም ሲስማሙ እቴቴ ብቻ አንገራገረች። ፍርሃት መስሎን ነበር፤ አይደለም። «ያኛው ሐኪም ቢሰማ ምን ይለኛል? ልጆቼን ያዳነልኝ ሰው አይደለም ወይ? አላመነችኝም ብሎ ይቀየማል» አለች። ሕይወቷ አጠያያቂ ሆኖ ሳለ የምትጨነቀው ለሰውየው ክብር ነበር። ይሉኝታ የሚሉት ይህ ነው። በበኩሌ ከገንዘብ እጦት ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ሰውን ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ የሚያስቀረው ይሉኝታ ይመስለኛል።

እናቴ ተነሥታ ራሷ ክሊኒኩ ሄደች። «ጅማ ልናሳያት አስበናል፤ የታየችበት ሁሉ ይሰጠን» ብላ በአክብሮት ጠየቀችው። ሰውየውም አልተቀየመም። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ጨምሮ ሰጣት፣ «ደግ አደረጋችሁ፤ ናሙናውን እኔ ጋ መውሰድ አይቻልም» አላት። ይህን አስቀድሞ ለአጎቴ ቢነግረው ኖሮ ስንት እንባ ይቀር ነበር! ይሁንና ስንጠይቀው በሩን አልዘጋብንም።

ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ አስታማሚ ሆኜ ሄድኩ። ዛሬ ጅማ ሜዲካል ሴንተር የምንለው ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም የቀድሞው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ኮሌጁ ተቀላቀሉ። ማስተማሪያ ሆስፒታል በመሆኑ አንድ በሽተኛ ብቻውን በአንድ ሐኪም አይታይም። ተማሪው ይጠይቃል፣ ከፍ ያለው ያርማል፣ ከእሱም ከፍ ያለው ያርማል። እቴቴ «ስንቴ ነው ይህን አንገት የምታዩት?» ብላ እስክትማረር ድረስ። በዚያ ምሬት ውስጥ ሁለተኛም ሦስተኛም አስተያየት በነጻ እንዳገኘች የገባኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው።

ወረፋውንና ካርድ ማውጫውን ዘልዬ ወደ ነገሩ ልግባ። ያየን ሐኪም ወጣት ነው። ወረቀቱን አነበበ፣ እባጮቹን ዳሰሰ፣ ከዚያም የክሊኒኩ ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ የሳል በሽታ ያለበት ሰው ነበር? መድኃኒት ለወራት የዋጠ?»

እቴቴና አጎቴ ተያዩ። የአጎቴ ወንድም ከጥቂት ዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞት እነሱ ቤት ተኝቶ ታክሟል።

«ታዲያ ካንሰር አይደለም ማለት ነው?» አለ አጎቴ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«አላልኩም። በእጅ ነክቶ ካንሰር ነው ማለትም አይቻልም፣ አይደለም ማለትም አይቻልም። ሁለቱም እንዲህ ሊመስሉ ይችላሉ።»

ከዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል፤ ነገ አማርኛ የምናስተምር ሰዎች ነንና። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «ነቀርሳ» ብቻ ብለን ስንተወው ግን ብዙ ሰው ካንሰርን ይረዳል። «የደም ነቀርሳ» ሲባልም የደም ካንሰር ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያመጣሉ፣ ሁለቱም ንፍፊትን ያሳብጣሉ። የቲቢን ተሕዋስ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. ለይቶ ካሳየ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያይቷል። አንደኛው በተሕዋስ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን ነው። ሌላኛው የራስ አካል ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ የሚበዛበት ነው። አገራችን ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ይበዛባቸዋል ብሎ ከሚቆጥራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ከሳንባ ውጭ ከሚይዘው ቲቢ ውስጥም በብዛት የሚታየው የንፍፊቱ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር አንገቱ ያበጠ ሰው ሲመጣ ሁለቱንም በሮች ማንኳኳት ግድ ይላል።

መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ከእባጩ ተወስዶ በመስታወት ላይ ተቀባ። ይህችን ትንሽ መስታወት ስላይድ ይሏታል። ውጤቱ ስንመለስ «በግልጽ አይለይም» ሆነ። አጎቴ ተናደደ፤ «ይኸው፣ እነሱም አያውቁም» አለ። እኔም በሆዴ ሳልናደድ አልቀረሁም። ሐኪሙ ግን አላፈረም፣ አልደነገጠምም። «መርፌ ትንሽ ነው የሚያወጣው፤ አንዱን ንፍፊት ሙሉውን እናውጣው» አለ። ቦታውን በመርፌ አደንዝዘው አወጡት። እዚህ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። የወጣውን ሥጋ ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ ፎርማሊን ባለበት ዕቃ ተከቶ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሄደ። ግማሹ ፎርማሊን ሳይነካው ወደ ቲቢ ምርመራ ሄደ፤ ፎርማሊን ሥጋውን ከመበስበስ ቢጠብቀውም ተሕዋሱን ለማሳደግም ሆነ ለመፈለግ ያስቸግራልና። ሐኪሙ አንዱን ጥርጣሬ ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ ይጥለው ነበር። ሁለት ጥርጣሬ ስለያዘ ሁለት ዕቃ አዘጋጀ።

ውጤቱ ቲቢ ሆነ። በጂን ኤክስፐርቱም፣ በፓቶሎጂውም።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። መጀመሪያ ለ2 ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ ለ4 ወር ሁለት ዓይነት። ቡናው ዛፉ ላይ ቀረ፤ መሬቱም። የጅማው መመላለሻ በጠቅላላው ከሁለት ፍየል ዋጋ አልበለጠም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለወሬ ያምር ነበር፤ አላለቀም። መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ እቴቴ በሌላው አንገቷ በኩል አዲስ እባጭ ወጣባት። መንደሩ ተንጫጫ። «ቲቢ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒቱ ይጠፋ ነበር፤ ያ የመጀመሪያው ሐኪም ነው ያወቀው» ተባለ። ያ የሕንድ አገሩ ዘመዳችንም ተመልሶ መጣ። እቴቴ መድኃኒቱን ልትተው ምንም አልቀራትም። ወደ ጅማ ስንመለስ ያው ወጣት ሐኪም አየና፣ ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነገር ነው፣ ሰውነት ከሞተው ተሕዋስ ጋር ሲታገል ያብጣል አለን። ደግሞም እኛን ለማረጋጋት ብቻ አልተወውም፤ ከአዲሱም እባጭ በመርፌ ወስዶ አስመረመረ። ካንሰር አልተገኘም። ስድስት ወሩ ሲያልቅ እባጮቹ ሟሙ። ዛሬ አንገቷ ላይ የቀረው አንዲት የስፌት ምልክት ናት።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳጫውታቸው፣ «እንግዲያው ሁለተኛ ሐኪም ጋ መሄድ ማለት ካንሰሩን ማስፋቅ ነው» ይላሉ። ይህ ግን አደገኛ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ላንሣ።

አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህርት ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ጡታቸው ላይ ጠጣር ነገር አግኝተው ተመረመሩ፤ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ በጽሑፍ ተነገራቸው። እዚህ የጥያቄ ምልክት የለም። ቀዶ ሕክምናም ተደረገላቸው። እሳቸው ግን አስተማሪ ናቸውና፣ «የእኔን ፈተና ወረቀት ሌላ አራሚ ይይልኝ» አሉ፤ እንደዚሁ ብለው እንደ ቀልድ። ሐኪማቸውም አበረታታቸው። ከአካል የተወሰደው ሥጋ ከታየ በኋላ እንደማይጣል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። በሰም ውስጥ ተደርጎ የክብሪት ሳጥን በማታህል ቁራጭ ውስጥ ይቀመጣል። ብሎክ ይሉታል። ለዓመታት አይበላሽም፤ በፈለጉት ጊዜ ከእሱ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል እየፋቁ እንደገና ማየት ይቻላል። በሽተኛው ፈርሞ ሊዋሰው ይችላል። እትዬ ራሳቸው መጓዝ ስላልቻሉ የወንድማቸው ልጅ ብሎኩን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ አደረሰው።

ሁለተኛው ሐኪም ምን አለ? ካንሰሩ ካንሰር ነው አለ። ነገር ግን ከብሎኩ ላይ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አስደረገ፤ ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት መሆን አለመሆኑን የሚለይ። የሚመገብ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት ታሞክሲፌን የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ተጨመረላቸው፤ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። የበሽታው ስም አልተለወጠም፤ ሕክምናው ግን ተለወጠ። እትዬ ዛሬም ያስተምራሉ፤ ጠመኔ የሚይዙበት እጃቸው በቀዶው ወገን ስለሆነ ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርገው መጻፍ ግን ይቸገራሉ።

እንዲህ ያለው ነገር የጅማ ብቻ አይደለም። አሜሪካ አገር ያለው ማዮ ክሊኒክ፣ ሌሎች ሐኪሞች ልከውለት ለሁለተኛ አስተያየት የመጡ 286 በሽተኞችን መዝገብ አይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ጥናቱ ካንሰርን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከመቶ 12ቱ የመጀመሪያው ግኝት እንዳለ ጸና፤ ከመቶ 21ዱ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ሆነ፤ የቀሩት፣ ማለትም ከመቶ 66ቱ፣ የመጀመሪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ተብራራ፣ ጠራ። ብዙው እንደ እትዬ ነው ማለት ነው እንጂ እንደ እቴቴ አይደለም። እርግጥ እነዚያ ሰዎች ነገራቸው አስቸጋሪ ስለነበር የተላኩ ናቸውና ቁጥሩን በማንኛውም በሽተኛ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

አሁን ደግሞ ስለ ሦስተኛው ሰው፤ ባጭሩ። የአንድ የመኝታ ክፍል ጎረቤቴ አባት ናቸው። በአንጀታቸው ላይ ካንሰር መኖሩ ከተነገራቸው በኋላ አራት ቦታ ዞሩ። በየሄዱበት የቀድሞውን ወረቀት ቤት ትተው ይሄዱ ነበር። ለምን ሲባሉ፣ «ያውቅ እንደሆነ ራሱ ይድረስበት» ይላሉ። ይህን ነገር ስንቶቻችን ቤት ሰምተነዋል! ሐኪምን እንደ ጠንቋይ መፈተን ነው። እያንዳንዱ ሐኪም ከዜሮ ጀመረ፣ ደሙን እንደገና አስመረመረ፣ ቀጠሮ ሰጠ። አባትየውም «አይደለም» የሚላቸውን ሰው ሲፈልጉ ሰባት ወር አለፈ። ጓደኛዬ አሁን የሚያነበው ይህን ጽሑፍ ነው፤ እንድጽፈው የፈቀደልኝም እሱ ነው። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ መምህራችን አንድ ትልቅ ጥያቄ አነሡብኝ። «አንድ ሐኪም ለማግኘት ስንት ቀን የሚጓዝ ገበሬ ሁለተኛውን ከየት ያመጣል?» አሉኝ። እውነት ነው። በአገራችን ናሙና የሚያነቡ ፓቶሎጂስቶች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ ነው የሚሠሩት። የጨረር ሕክምናም ቢሆን ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። ያን ጊዜ የደቡብ ምዕራብ ሰው ሁሉ በዚያው አንድ በር ነው የሚሰለፈው። ዛሬ ጅማም የጨረር ሕክምና ይሰጣል። ይህ ለሚዛን፣ ለቦንጋ፣ ለሊሙ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የመምህሬ ጥያቄ በዚህ አይዘጋም።

የምመልሰው ይህን ያህል ብቻ ነው። ሰውየው መሄድ ባይችል ብሎኩ ይሄዳል፤ ስላይዱ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ይሄዳል። እነዚህ የበሽተኛው ጉዳይ ናቸውና ተጠይቀው ይሰጣሉ፤ የማይጠይቅ ግን አያገኝም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነም ሰው በራሱ ጊዜ ዘሎ ትልቁ ሆስፒታል ቢደርስ መድኑ ላይሸፍንለት ስለሚችል፣ የሪፈር ወረቀት ከሐኪሙ ማጻፍ አለበት። ይህ ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ሐኪም ተደብቆ ሳይሆን ለእሱው ነግሮ መሄድ ማለት ነው። ይሉኝታውን የሚያፈርሰውም ይኸው ይመስለኛል። «ዶክተር፣ ሌላ ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ፤ ማን ዘንድ ልሂድ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ለመናገር ማፈር አልነበረበትም። እስከ መቼ እንደሚጠበቅ መጠየቅም ደግ ነው። አንዳንዱ ካንሰር ሁለት ሦስት ሳምንት ቢጠብቅ ብዙ አይጎዳም፤ አንዳንዱ፣ በተለይ የደም ካንሰር አንዳንዱ ዓይነት፣ ቀናትም አይሰጥም። የሚያውቀው ሐኪሙ ነውና እሱን መጠየቅ ነው።

ከእኛ ከዕጩ መምህራን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ በተመደብንበት ቀበሌ ወረቀት አንብቡልን የምንባለው እኛ ነን። ጤና ኬላው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን እዚያው ነው።

እቴቴ ከዳነች ወዲህ ወረቀቶቿን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ፌስታል አድርጋ ጣሪያው ሥር ሰቅላለች። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ቤት ስሄድ ፌስታሉ በቦታው አልነበረም። የጎረቤት ልጅ፣ 16 ዓመቷ ነው፣ እንደ እሷው አንገቷ አብጦ እቴቴ ራሷ ጅማ ወስዳታለች። ወረቀቷን «እነዚህ ያዩኝ ሰዎች ናቸው» ብላ ለማሳየት ይዛው ሄዳ ነው። እዚያም እንደ እቴቴ ንፍፊቱን አውጥተው፣ ለሁለት ከፍለው፣ በሁለቱም በኩል አዩት።

የልጅቷ ግን ቲቢ አልሆነም። ሊምፎማ ነው፣ ያለ ጥያቄ ምልክት። ሐኪሞቹ ይህኛው ዓይነት በመድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚድን ነው ብለዋቸዋል፤ በየ2 ሳምንቱ ጅማ እየሄደች በደም ሥሯ መድኃኒት ትወስዳለች። ፀጉሯ ረግፏል፤ ሻሽ ታስራለች። የልጅቷ እናት ከመኪና ስለምትታመም ሁልጊዜ አብራት የምትሄደው እቴቴ ናት። ፌስታሉ ውስጥ አሁን የሁለት ሰው ወረቀት አለ።